ባሕር ዳር ላይ የሆቴል ሂሳብ ሲያከራክር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከውጭ አገርም ከአዲስ አበባም ወደ ጣና ዳር መጥተው አልጋ የሚይዙ ሰዎች ሂሳብ ሲመጣ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

አልጋው 2,000 ብር ነው ተብዬ ገባሁ። ስወጣ 2,530 ብር ክፈል አሉኝ። 530 ብሩ ከየት መጣ?

አብዛኛውን ጊዜ ከሰርቪስ ቻርጅና ከቫት ነው። መካከለኛና ትልልቅ ሆቴሎች በስልክ ዋጋ ሲናገሩ ሁለቱን አይጨምሩም። "ሁለት ሺህ ፕላስ ፕላስ" ሲሏችሁ ይህንን ማለታቸው ነው። ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል፦ በ2,000 ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 2,200 ይሆናል። ቫቱ የሚሰላው በ2,200 ላይ ነው። 15 በመቶው 330 ብር ይመጣል፤ ድምሩ 2,530። ስለዚህ "ፕላስ ፕላስ" የተባለ ዋጋ የሚያድገው በ26.5 በመቶ ነው። ብዙ ሰው 10 እና 15 ደምሮ 25 በመቶ ይጠብቅና በቀሪዋ ይከራከራል። በዚያች እንኳ አትከራከሩ፤ ስሌቱ ትክክል ነው።

ትክክል ያልሆነው ሳይነግሯችሁ መቅረታቸው ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዝዛል። የሚለጠፈው ዋጋም ታክስንና ሌሎች ሕጋዊ ክፍያዎችን ያካተተ መሆን አለበት። ሪሴፕሽኑ ጋ ያለው ሰሌዳ ላይ 2,000 ብቻ ከተጻፈ፣ የምትከራከሩበት ነገር በእጃችሁ ነው። ፎቶ አንሱት። በስልክ በቃል ብቻ የተነገራችሁ ከሆነ ግን ማስረዳቱ ይከብዳል። ስትደውሉ "ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት እንዲልኩላችሁ አድርጉ።

ሰርቪስ ቻርጅ ከከፈልኩ ቲፕም መስጠት አለብኝ?

ግዴታ የለባችሁም። ቲፕ በፈቃድ ነው። ጥሩ ያስተናገዳችሁን ልጅ ማመስገን ከፈለጋችሁ ግን በእጁ ስጡት፤ ሂሳቡ ላይ አታስደምሩት።

ስወጣ በኮምፒውተር የታተመ ዝርዝር ሰጡኝ። ደረሰኝ ማለት እሱ ነው?

አይደለም፤ ግን ሁለቱም ያስፈልጓችኋል። ዝርዝሩ በየትኛው ቀን ምን እንደተጻፈባችሁ ያሳያል፤ ለክርክር የሚጠቅመው እሱ ነው። ሕጋዊው ደረሰኝ ግን ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ነው። የድርጅቱ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የማሽኑ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ይታይበታል። ንግድ ቢሮ ብትሄዱ፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ ወጪ ብታወራርዱ ወይም ከካርዳችሁ ባንክ ጋር ብትከራከሩ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

አንዳንድ ቤት "ደረሰኝ ካልፈለጉ ቫቱን እንተውልዎታለን" ይላሉ። እሺ አትበሉ። ያለ ደረሰኝ መሸጥ በግብር ሕጉ ያስቀጣል፤ ከዚያ በላይ ግን የእናንተ ጉዳይ ነው። ነገ አንድ ችግር ቢነሳ እዚያ ሆቴል ማደራችሁን የሚያሳይ ወረቀት አይኖራችሁም።

ስገባ ሪሴፕሽን ላይ ምን ምን ልጠይቅ?

የሚሞላው የእንግዳ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ የክፍሉ ዋጋ እንዲጻፍ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ያ ቦታ ባዶ ይተውና እናንተ ትፈርማላችሁ። ባዶውን አትፈርሙ። "ከነቫቱ"፣ "ቁርስ ለሁለት ሰው"፣ "እስከ ሐሙስ" የሚሉት ተጽፈው ከፈረማችሁ በኋላ ቅጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

አንድ ሌላ ነገር፦ ለመውጫ ቀን ሁሉን አትተዉ። ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ ወደ ሪሴፕሽን ሄዳችሁ "እስካሁን ያለብኝን አሳዩኝ" በሉ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ካሸሩም አይቸኩልም፣ እናንተም አትቸኩሉም፣ ትዕዛዝ የተቀበለው አስተናጋጅም ግቢው ውስጥ አለ። ጠዋት ታክሲ በር ላይ ጥሩንባ እየነፋ የሚደረግ ክርክር ግን ሁልጊዜ በከፋዩ ኪሳራ ያልቃል።

ቼክ አውት 12:00 ይላል። 12 ሰዓት ላይ ስወርድ የግማሽ ቀን ጨምረው ጠበቁኝ።

በሆቴሎች ወረቀት ላይ ያለው 12:00 በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ቀን 6 ሰዓት። ክፍላችሁ በር ጀርባ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት እዩ። አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የተጻፈችው፤ የማታ ይሁን የቀን አትለይም። ከገጠር ለሕክምና ወይም ለልጃቸው ምረቃ የመጡ ወላጆች ማታ 12 ሰዓት ብለው ቢረዱት አይፈረድባቸውም።

ተቃራኒውም ይደርሳል። ሪሴፕሽኒስቷ "እስከ 6 ሰዓት ይቆዩ" ስትል፣ ዕድሜውን ውጭ የኖረ ሰው ከምሽቱ 6 ሰዓት መስሎት ጀልባ ላይ ይውላል። ስለዚህ ሰዓት ስትነጋገሩ "ቀን 6 ሰዓት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ማለትዎ ነው?" ብላችሁ አረጋግጡ።

ነገሩ ከደረሰባችሁ፣ ማስታወቂያው በአማርኛ እንዳልነበረና ማንም በቃል እንዳልነገራችሁ ለማኔጀሩ አስረዱ። ክፍሉ ለሌላ እንግዳ ያልተያዘ ከሆነ ብዙዎቹ ይተዉታል ወይም ይቀንሱታል። በረራችሁ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ክፍሉን በሰዓቱ ልቀቁና ሻንጣችሁን ሪሴፕሽን አስቀምጡ። ይህንን አብዛኛው ቤት በነጻ ያደርገዋል።

"የጥምቀት ዋጋ ነው" ብለው እጥፍ አስከፈሉኝ። ይችላሉ?

የአልጋ ዋጋ መንግሥት የሚተምነው አይደለም። ሆቴሉ በጥምቀት፣ በዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሰሞን፣ ትልቅ ጉባኤ ከተማው ሲገባ ዋጋ ሊጨምር ይችላል። የማይችለው አንድ ነገር ነው፤ ከእናንተ ጋር በአንድ ዋጋ ተስማምቶ ካረጋገጠ በኋላ "አሁን ተለውጧል" ማለት። የተስማማችሁበት መልእክት ካለ እሱን አሳዩና በዚያው ዋጋ እንዲያስተናግዷችሁ ጠይቁ።

ከውጭ የምትይዙ ደግሞ ቀኑን ተጠንቀቁ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በፈረንጆቹ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ጥምቀት ግን ጃንዋሪ 20 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር። በአንድ ቀን ስታችሁ ያዛችሁ ማለት፣ ከተማው ጢም ባለበት ሌሊት አልጋ የላችሁም ማለት ነው። ያን ሌሊት የሚጠይቋችሁ ዋጋም የቀኑ ገበያ ነው። ከተራውን ማየት ከፈለጋችሁ ከጥር 10 በፊት ግቡ።

ያልበላሁት የአሳ ጉላሽ ሂሳቤ ላይ ተጽፏል። እንዴት ልከራከር?

የትዕዛዝ ወረቀቱን አምጡ በሉ። ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ "ክፍሌ ላይ ጻፈው" ስትሉ አስተናጋጁ ትንሽ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከሥሩ ካርቦን አለ። ምግቡ፣ የክፍል ቁጥሩ፣ የአስተናጋጁ ስምና የእናንተ ፊርማ እዚያ ላይ መኖር አለበት። ስሕተቱ በአብዛኛው የሚፈጠረው የክፍል ቁጥሩ ላይ ነው። በእጅ ጽሑፍ 1 እና 7 ይመሳሰላሉ፤ ማታ በደብዛዛ መብራት የ101 ትዕዛዝ ወደ 107 ይሄዳል። ወረቀቱን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ፊርማውን ከመመዝገቢያ ቅጻችሁ ጋር አስተያዩ። ፊርማ ከሌለ ወይም የእናንተ ካልሆነ ክፈሉ ሊሏችሁ አይገባም።

ከመከራከራችሁ በፊት ግን ቤተሰባችሁን ጠይቁ። ከውጭ ለመጣ ሰው ዘመድ ይበዛለታል። እናንተ ዘጌ ሄዳችሁ ሳለ ሊጠይቃችሁ የመጣ የአጎት ልጅ በልቶ፣ በክፍላችሁ አስጽፎ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩን ለካሸሩ ወይም ለማኔጀሩ አንሱ፤ አስተናጋጁን በሰው ፊት ሌባ አትበሉት። የጎደለ ሂሳብ ከሠራተኛው ደሞዝ የሚቆረጥበት ቤት አለ። የእናንተ መቶ ሁለት መቶ ብር ለሱ የሳምንት ትራንስፖርት ናት።

ከሚኒባር ያልጠጣሁትን ቆጠሩብኝ። ፎጣም ጠፋ አሉኝ።

ስትገቡ ፍሪጁን ከፍታችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። ፎጣዎቹንም ቁጠሩ። ስትወጡ ክፍሉ እናንተ እዚያው እያላችሁ እንዲታይ ጠይቁ። ከወጣችሁ በኋላ "ጎድሏል" ብለው ቢደውሉ፣ በመካከል ሌላ ሰው እንዳልገባ ማሳየት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ሆቴሉ ያስያዘልኝ ጀልባ ከተነገረኝ በላይ አስከፈለኝ። ይህስ የማን ጥፋት ነው?

በጣና ላይ ከሚነሱ ክርክሮች ትልቁ ይህ ነው። መነሻው ደግሞ አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው፤ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው? ጀልባ በአብዛኛው የሚከራየው በሙሉ ነው። ሆቴሉ በነፍስ ወከፍ ካሰበ ለአራት ሰው አራት እጥፍ ይመጣል። ከመነሳታችሁ በፊት አራት ነገር ቁርጥ አድርጉ፦ የት የት እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ለጀልባው ይሁን ለሰው፣ የአስጎብኚው ክፍያ ዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑር። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ነው፤ እዚያው ገዳሙ ላይ ለእያንዳንዱ ይከፈላል። ያ ገንዘብ የሆቴሉ ሂሳብ ላይ ተጽፎ ካያችሁት "የገዳሙን ቲኬት አሳዩኝ" በሉ።

ለሴቶች በተለይ የምለው አለ። ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም። ዘጌ ላይ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ወንድም ሴትም ያስገባሉ። ክብራንን በዝርዝሩ ውስጥ ከትቶ ለሴት እንግዳ የሸጠ ሆቴል፣ እናንተ ጀልባ ውስጥ ለጠበቃችሁበት ሰዓት ገንዘብ ወስዷል ማለት ነው። ይህ ሊነገራችሁ የሚገባ መረጃ ነበር። አዋጅ 813 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ያንን ጠቅሳችሁ እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ።

ጢስ ዓባይን በተመለከተ ግን ልከኛ ሁኑ። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙው ውሃ በኃይል ማመንጫው በኩል ስለሚያልፍ በበጋ ይሳሳል። ሚያዝያ ላይ ሄዳችሁ "ውሃ የለውም፣ የመኪናውን አልከፍልም" ብትሉ አያዋጣም። ሾፌሩ አድርሶ መልሷችኋል።

ሦስቱንም ቀን ሙቅ ውሃ አልነበረም። ሙሉውን መክፈል አለብኝ?

ቅናሽ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ጨርሶ አልከፍልም ማለት ግን አያስኬድም፤ አድራችሁበታላችሁና። ዋናው ነገር በመጀመሪያው ቀን መናገር ነው። ሪሴፕሽን ላይ ስትነግሩ የነገራችሁትን ሰው ስምና ሰዓቱን ያዙ፤ ክፍል እንዲቀይሩላችሁም ጠይቁ። ክፍል ቀይሩልኝ ብላችሁ ካልቀየሩ የቅናሽ ጥያቄያችሁ ይጠነክራል። በሦስተኛው ቀን ሂሳብ ላይ ብቻ ካነሳችሁት ግን "ቢነግሩን እናስተካክለው ነበር" ይሏችኋል፤ መልስ አይኖራችሁም።

መብራት መጥፋቱ ብቻውን የሆቴሉ ጥፋት አይደለም። "24 ሰዓት ጄኔሬተር አለን" ብሎ አስተዋውቆ ሌሊቱን ካጠፋው ግን የሸጠላችሁን አልሰጣችሁም።

በሞባይል ከፈልኩ፤ እነሱ "አልገባልንም" ይላሉ። ስክሪንሾቱን አሳየኋቸው፣ አልተቀበሉም።

ስክሪንሾት አለመቀበላቸው ልክ ነው። የተቀነባበረ ስክሪንሾት እያሳዩ የሚሄዱ ሰዎች ስላሉ ካሸሮች ተቃጥለዋል። የሚያስፈልገው የግብይት ቁጥሩ ነው። በቴሌብር ከሆነ በ127፣ በንግድ ባንክ ከሆነ በ951 ደውላችሁ ቁጥሩን ንገሩና ገንዘቡ የት እንዳለ ጠይቁ። ካሸሩ አጠገባችሁ እያለ ስፒከር ላይ አድርጉት።

ሁለት ጊዜ ክፈሉ ካሏችሁ፣ መክፈል ግድ ከሆነባችሁ ብቻ፣ "በዚህ የግብይት ቁጥር የተላከው ከገባ ይመለሳል" የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ተቀበሉ። ደግሞም ገንዘብ የምትልኩት በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይሁን። "ሲስተም ስለሌለ በእኔ አካውንት ላኩት" ያለ ሠራተኛ ነገ ሥራ ቢለቅ ሆቴሉ አላውቅም ይላል።

ዋጋው በዶላር ነበር የተነገረኝ። ስከፍል በየትኛው ምንዛሬ ነው የሚሰላው?

በተስማማችሁበት። ካልተስማማችሁ ክርክር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰናል። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። ግንቦት ላይ በዶላር ይዞ ነሐሴ ላይ በብር የከፈለ ሰው ምን ያህል እንደሚደነግጥ አስቡት።

ስለዚህ ስትይዙ ሁለት ነገር አጽፉ፤ የየትኛው ባንክ ምንዛሬ፣ የየትኛው ቀን። የምትከፍሉበት ቀን የባንክ ምንዛሬ ቢሆን ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ካሸሩ በራሱ ቁጥር ካሰላ "የዛሬውን የባንክ ዝርዝር በስልክ እንክፈተው" በሉት፤ ባንኮቹ በየቀኑ ያወጡታል። የውጭ ፓስፖርት ለያዘ የተለየ ዋጋ ያላቸው ሆቴሎችም አሉ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ካላችሁ ስትይዙ ተናገሩ። ሂሳብ ከተሠራ በኋላ ማውጣቱ ክርክር ያበዛል።

በኦንላይን ከፍዬ መጣሁ፤ ሆቴሉ ግን "ለእኛ አልደረሰንም፣ እንደገና ክፈል" ይላል።

መጀመሪያ ማረጋገጫችሁን በደንብ አንብቡ። "ሆቴሉ ላይ ይከፈላል" የሚል ከሆነ ካርዳችሁ የተጠየቀው ለዋስትና ብቻ ነው፤ ገንዘቡ አልተቆረጠም። ከካርዳችሁ በእርግጥ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ያለው ድረ ገጹ ጋ ነው። ድረ ገጾቹ ለሆቴሉ የሚከፍሉት አንዳንዴ ሆቴሉ ራሱ ማሽን ላይ በሚቆርጠው የካርድ ቁጥር ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም ማሽኑ ሲበላሽ አይቆረጥም። "አልደረሰንም" ሲሉ እየዋሹ ላይሆን ይችላል።

ከሪሴፕሽኑ ሳትነሱ የድረ ገጹን የደንበኞች አገልግሎት ደውሉና ስልኩን ለሆቴሉ ሰው ስጡት። ሁለቱ ይነጋገሩ። ይህ ካልሆነና መክፈል ካለባችሁ የማሽን ደረሰኝ ተቀብላችሁ ክፈሉ፤ ከዚያ ያንን ደረሰኝ ለድረ ገጹ ልካችሁ የመጀመሪያውን ክፍያ አስመልሱ። ደረሰኝ ከሌለ ሁለት ጊዜ መክፈላችሁን የሚያምናችሁ የለም።

ቀብድ ልኬ ነበር። መንገድ ተዘግቶ መምጣት አልቻልኩም። ይመለስልኛል?

ይህ ከሚከብዱት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን በመተው ውሉን ማፍረስ ይችላል። ቀብድ የተቀበለው ወገን ማፍረስ ቢፈልግ ግን የሚመልሰው እጥፉን ነው። ይህንን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በጥምቀት ዋዜማ አልጋችሁን በተሻለ ዋጋ ለሌላ ሸጦ "ይቅርታ፣ ሞልቷል፣ ቀብድዎን እንመልሳለን" የሚል ሆቴል በሕጉ እጥፉን ሊጠየቅ ይችላል። የላካችሁት ገንዘብ "ቀብድ" ተብሎ በጽሑፍ መገለጹ የሚጠቅማችሁ ለዚህ ነው።

ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ደግሞ በቁጥር 1792 ተደንግጓል። አስቀድሞ ሊገመት የማይችል፣ ውሉን መፈጸምንም ጨርሶ የሚከለክል መሆን አለበት። ባለፉት ዓመታት የአማራ ክልል መንገዶች በድንገት የተዘጉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በረራም የተሰረዘበት አለ። ሆኖም ሆቴሉ "እኔ አልጋውን ይዤ ጠብቄያለሁ" ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው። ለዚህ በፍርድ ቤት ከመሟገት ቀኑን ማዛወር ይሻላል። የተሰረዘውን በረራ መልእክት ልካችሁ "ገንዘቡ ለሌላ ቀን ይያዝልኝ" በሉ። እስካሁን ያየኋቸው አብዛኞቹ ሆቴሎች በዚህ ይስማማሉ፤ እነሱም በመንገዱ መዘጋት እኩል ተጎድተዋልና።

"ሂሳቡን ሳትከፍል ፓስፖርትህን አንሰጥም" አሉኝ። ምን ላድርግ?

ፓስፖርት የሂሳብ መያዣ አይደለም። ስትገቡም ቢሆን መዝግበው ወይም ኮፒ አድርገው እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ። እዚህ ደረጃ ከደረሰ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉና ሂሳቡን ለሁለት ክፈሉት፤ የምታምኑበትን ወዲያው ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የምትከራከሩበትን ለብቻው ጻፉት። ከ8,000 ብር ውስጥ 1,200 ብሩ ብቻ ነው የሚያጣላችሁ እንበል። 6,800ውን የከፈለ ሰው ሊያመልጥ ነው ሊባል አይችልም። ሳትከፍሉ መውጣት ግን የሂሳብ ክርክሩን ወደ ፖሊስ ጉዳይ ይለውጠዋል።

አውሮፕላን የሚያመልጣችሁ ከሆነ ሙሉውን ክፈሉና በዝርዝሩ ሁለት ቅጂ ላይ በእጃችሁ ጻፉ፦ "1,200 ብሩን የከፈልኩት ተቃውሞዬን ጠብቄ ነው።" ቀን፣ ፊርማ፣ ከተቻለ የካሸሩም ፊርማ። አንዱን ይዛችሁ ሂዱ። ስድብ ወይም ማስፈራራት ካለ አዋጅ 813 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አልለቅም ካሉ ራሳችሁ ፖሊስ ጥሩ።

ማኔጀሩም አልሰማኝም። ቀጥሎ የት ነው የሚኬደው?

ባለቤቱ ጋ። እዚህ ከተማ ብዙው ሆቴል የቤተሰብ ወይም የአንድ ሰው ነው፤ ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ማታ ግቢው ውስጥ አይጠፋም። ማኔጀሩ ያልፈታውን በአምስት ደቂቃ ሲፈቱት አይቻለሁ። ባለቤቶቹ ስማቸው በክፉ እንዲነሳ አይፈልጉም።

ካልሆነ ቢሮዎች አሉ። የዋጋና የሸማች ጉዳይ ለንግድና ገበያ ልማት፣ ደረሰኝ አለመስጠት ለገቢዎች፣ የአገልግሎት ጥራት ለባህልና ቱሪዝም። ከከተማ አስተዳደሩ ጀምሩ። ባሕር ዳር የክልሉ ዋና ከተማ ስለሆነች የክልል ቢሮዎቹም እዚሁ ናቸው፤ አንዱ ካልመለሰላችሁ ወደ ሌላው ለመሄድ ከከተማ አትወጡም። አቤቱታው አንድ ገጽ ይብቃው፦ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ቀን፣ የተስማማችሁበት ዋጋ፣ የከፈላችሁት፣ የምትጠይቁት። የደረሰኙን ኮፒ አያይዙ፤ ዋናውን ለማንም አትስጡ። ከተማውን ለቃችሁ ከሆነ ለዘመድ ውክልና ስጡ። በሰው በኩል የሚጠየቅ ጉዳይ ፈጥኖ ይንቀሳቀሳል።

ወደ ውጭ ከተመለስኩ በኋላ ከካርዴ ሁለት ጊዜ እንደተቆረጠ አየሁ። አሁን ምን ይደረጋል?

አንዱ ዋስትና ሊሆን ይችላል። ሆቴሎች ስትገቡ ካርዱ ላይ የተወሰነ ገንዘብ ያስይዛሉ፤ ያ ገንዘብ ገና ያልጸና (pending) ሆኖ ይታያል፤ ከቀናት በኋላ ይለቀቃል። ሁለቱም ከጸኑ ግን ችግር ነው። መጀመሪያ ለሆቴሉ በኢሜይል ጻፉ፤ የማሽን ደረሰኙን ፎቶ አያይዙ፤ የመልስ ቀን ቁረጡላቸው።

መልስ ከሌለ ካርዱን የሰጣችሁን ባንክ ያዙ። በአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ከሆነ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የክፍያ ስሕተት ሕግ ስሕተቱ ያለበት መግለጫ ከተላከላችሁ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታሳውቁ ይጠይቃል። ዴቢት ካርድ የሚታየው በሌላ ደንብ ነው፤ ስለዚህ በዚያው ሳምንት ደውሉ። ባንኩ የሚጠይቃችሁ የተስማማችሁበትን ዋጋ፣ ደረሰኙንና ለሆቴሉ የጻፋችሁትን ነው። ወረቀቶቹ አማርኛ ከሆኑ አጠር ያለ ትርጉም ጨምሩ።

ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ስማቸውን ጠቅሼ ላውጣው?

የደረሰባችሁን መናገር መብታችሁ ነው፤ ሌላውን እንግዳም ያስጠነቅቃል። ነገር ግን በማስረጃ ልታሳዩት በምትችሉት ላይ ብቻ ቁሙ። "2,000 ተባልኩ፣ 3,100 አስከፈሉኝ፣ ደረሰኙ ይኸው፣ አቤት ብዬ መልስ አላገኘሁም" ማለት አንድ ነገር ነው። "ሌቦች ናቸው" ማለት ሌላ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት የሰውን ክብርና መልካም ስም ማጉደፍን በወንጀል ያስጠይቃል።

የሪሴፕሽኒስቷን ፊት በቪዲዮ አትልቀቁ። ዋጋውን የወሰነችው እሷ አይደለችም፤ ነገ ሌላ ሥራ ስትፈልግ ቪዲዮው ይከተላታል። ደረሰኝ ስትለጥፉም ስማችሁን፣ ስልካችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን ሸፍኑ። ሆቴሉ በኋላ ገንዘቡን ከመለሰ ደግሞ እዚያው ጽሑፍ ላይ መመለሱን ጨምሩበት።